ሲፈታ ጤናማ፣ ሲገጠም ሕመምተኛ፦ በጅማ አንድ የውኃ ፓምፕ በሲቲ ስካን የተለካበት ጉዳይ

ጉዳዩ ምንድን ነው

የአንድ ማሽን ክፍሎች ተራ በተራ ሲለኩ ሁሉም ልክ ናቸው፤ ተገጣጥመው ሲነሡ ግን ማሽኑ አይሠራም። በዚህ ጊዜ ብዙ ወርክሾፖች የሚያደርጉት መፍታት፣ እንደገና መለካትና እንደገና መግጠም ነው። ጉድለቱ ያለው በአገጣጠሙ ውስጥ ከሆነ ግን ብሎኑ በተፈታ ቁጥር ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ጅማ ውስጥ በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ የታየው ይኸው ነበር። መንሥኤው የተገኘው ፓምፑን ሳይፈቱ ውስጡን በመለካት፣ ያውም ለሕሙማን በተሠራ ሲቲ ስካን ነው።

ሲቲ ስካን ብዙ ነገር ያሳያል፤ ማሳየትና መለካት ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ይህ ሥራ ፍሬ ያፈራው ማሽኑ አስተማማኝ መልስ ሊሰጥበት የሚችለው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ በመለየቱ ነው። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈውም ለዚህ ነው። የሰዎቹንና የተቋማቱን ስም አልጠቅስም። እኔ የተጠራሁት ለልኬቱ ሥራ ነው።

ወርክሾፑና ፓምፑ

ወርክሾፑ ቶርኖ፣ መበየጃና አነስተኛ የአሉሚኒየም ማቅለጫ አለው። ብዙዎቹ ደንበኞቹ በጅማ ዙሪያ፣ በጎማ፣ በማናና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች ያሉ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ናቸው። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ስላለበት፣ በለቀማ ወራት የጣቢያው ፓምፕ ከቆመ የገበሬው ድካም ከነምርቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ፓምፕ ለጣቢያዎቹ የመለዋወጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከውጭ የመጡት ትናንሽ ፓምፖች ቤታቸውና ክዳናቸው በአሸዋና በዝገት ሲበላ ምትክ ማግኘት ያስቸግራል። ወርክሾፑ ይህን ለመተካት የፓምፑን ቤትና ክዳን ከአሉሚኒየም በአሸዋ ቅርጽ እያፈሰሰ በቶርኖ ይጨርሳቸዋል። ውኃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ፣ ማለትም ኢምፔለሩ፣ ከናይለን የተሠራ ሲሆን ተገዝቶ ይገጠማል።

ለሚቀጥለው ንባብ የሚያስፈልጉት ልኮች ጥቂት ናቸው። ክዳኑ 110 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው። በስተ ውስጥ ወደ ቤቱ የሚገባ 90 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው አንገት አለው። የአንገቱ ጫፍ በቤቱ ውስጥ ካለው እርከን በ1 ሚሊ ሜትር ርቆ መቆም አለበት፤ ክዳኑ የሚያርፈው በጎማ ጋስኬት ላይ ሆኖ በስድስት ብሎኖች ይታሰራል። ኢምፔለሩ 80 ሚሊ ሜትር ነው። በፊቱና በክዳኑ መካከል ዙሪያውን 0.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር ይገባዋል። ይህን ክፍተት ለሚጨመቅ ጎማ መተው በእኔ እምነት ደካማ ንድፍ ነው፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ችግሩ

ከለቀማው በፊት ከተሠሩት ፓምፖች መካከል የተወሰኑት ሲነሡ ይፋጫሉ፣ ሞተራቸው ይግላል፣ በክዳኑ አንድ ጎን ውኃ ያንጠባጥባሉ። ማንጠባጠቡን ለማቆም ብሎን አጥብቀው ያሰሩ ሠራተኞች የአንዳንዱን ክዳን ጆሮ ሰንጥቀዋል። ተፈትተው ሲለኩ ግን ሁሉም ክፍሎች በንድፉ ላይ ከተቀመጠው ልክ አልወጡም። ካሊፐሩም ማይክሮሜትሩም ዳያል ኢንዲኬተሩም ተመሳሳይ ምስክርነት ሰጡ።

አንድ ጠቃሚ ፍንጭ የሰጠው የቶርኖ ባለሙያው ነው። የመፋጨት ምልክቱ በኢምፔለሩ ላይ ዙሪያውን፣ በክዳኑ ላይ ግን በአንድ ጎን ብቻ ነበር፤ ያ ጎን ደግሞ ከሚያንጠባጥበው ጎን በተቃራኒ ያለው ነው። ይህ ትልቅ ነገር ይናገራል። ዘንጉ ጎብጦ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ በተገላቢጦሽ፣ በሚሽከረከረው ክፍል ላይ በአንድ ቦታ፣ በቆመው ክዳን ላይ ዙሪያውን ይሆን ነበር። ስለዚህ ዘመም ያለው ነገር የማይሽከረከር ነው። ሁለት ተጠርጣሪዎች ቀሩ፦ ወይ የኩሽኔታዎቹ መቀመጫ ከቤቱ አፍ ጋር ቀጥ ብሎ አልተቦረቦረም፣ ወይ ክዳኑ በቤቱ ላይ ዘመም ብሎ ተቀምጧል። የወርክሾፑ ባለቤት የመጀመሪያውን፣ የቶርኖ ባለሙያው ሁለተኛውን ያዙ። ሁለቱንም ከውጭ ማየት አይቻልም፤ ቀጭን መለኪያ ምላስ የሚገባበት ቀዳዳም የለም።

ለምን ሲቲ ስካን

ሲቲ ስካን በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው፤ የፈጠሩት ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድና መሠረቱን በሒሳብ የጣሉት አለን ኮርማክ በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። በኢንዱስትሪ ውስጥ ለልኬት የሚያገለግሉት ማሽኖች የተለየ አሠራር አላቸው። የጨረር ምንጫቸው ቆሞ ዕቃው ይሽከረከራል፤ ዕቃው ወደ ምንጩ በቀረበ መጠን ምስሉ ይጎላል፤ ኃይላቸውም 225፣ ሲብስም 450 ኪሎ ቮልት ይደርሳል። የጀርመን መሐንዲሶች ማኅበር 2630 በተሰኘው መመሪያው እነዚህ ማሽኖች በልኬት ሥራ ላይ እንዴት መፈተሽ እንዳለባቸው አስቀምጧል።

በእኛ እጅ ሊገባ የሚችለው ግን የሕክምናው ዓይነት ነበር። ኃይሉ 140 ኪሎ ቮልት ላይ ያበቃል። የምስሉ መረብ 512 በ512 ስለሆነ፣ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስክ ሲመረጥ አንዱ ነጥብ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የምንፈልገው ክፍተት ደግሞ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ልክ ክፍተቱን በቀጥታ መለካት እንደማይቻል ከመነሻው ለባለቤቱ ነገርኩት። ሊቻል የሚችለው የዘመመው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ለጊዜውም የሚያስፈልገው ያ ነበር።

ፈቃድና ዝግጅት

በከተማው ያለ አንድ የሕክምና ተቋም ከሕሙማን ሰዓት ውጭ እንድንጠቀም በጽሑፍ ፈቀደ። ቅድመ ሁኔታዎቹ ተገቢ ነበሩ፦ ድንገተኛ ታካሚ ከመጣ ሥራው ወዲያው ይቋረጣል፤ ፓምፑ ከዘይት፣ ከውኃና ከብረት ብናኝ ጸድቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው የተቋሙ ባለሙያ ብቻ ናት። ከወርክሾፑ ሠራተኞች አንዱ ጨረር ያለፈበት ፓምፕ ቡና የሚታጠብበትን ውኃ ይበክል እንደሆነ ጠየቀ። ጥያቄው መልስ ይገባው ነበር፦ በዚህ ኃይል ያለ የራጅ ጨረር ዕቃን ጨረር አመንጪ አያደርግም፤ ማሽኑ ሲጠፋ የሚቀር ነገር የለም።

ከባዱ ዝግጅት ብረቱን ማስወገድ ነበር። አሉሚኒየም በ140 ኪሎ ቮልት በመጠኑ ይታለፋል፤ የብረት ዘንግና ኩሽኔታ ግን ጨረሩን ከሞላ ጎደል ስለሚያግዱ በምስሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ጨረራ መሰል መስመሮችን ይረጫሉ። የሕክምና ማሽኖች ቁሱ ጨረሩን ምን ያህል እንደሚያግድ ለማመልከት ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚሰጡት ቁጥርም በተለመደው አሠራር 3071 ላይ ስለሚቆም፣ ብረትን ጨምሮ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማለፍ የቶርኖ ባለሙያው የዘንጉን ትክክለኛ ልክ የያዘ የአሉሚኒየም ዘንግ ቀረጸ፤ በኩሽኔታዎቹም ምትክ ውጪያዊና ውስጣዊ ዲያሜትራቸው እኩል የሆኑ የናይለን ቀለበቶችን አዘጋጀ። ስድስቱን የብረት ብሎኖች ግን አልነካንም። የምንመረምረው ክዳኑ ሲታሰር እንዴት እንደሚቀመጥ ስለሆነ፣ ማሰሪያውን መለወጥ ጥያቄውን ራሱን መለወጥ ነበር።

ከፓምፑ ጎን የልክ ማረጋገጫ አኖርን። ሁለት የአሉሚኒየም ፒኖች የተተከሉበት ሰሌዳ ሲሆን፣ በፒኖቹ መካከል ያለው የማዕከል ርቀት በማይክሮሜትር ከውጭ ወደ ውጭ ተለክቶ የሁለቱን ፒኖች ግማሽ ዲያሜትር በመቀነስ ታወቀ። የማዕከል ርቀት የተመረጠበት ምክንያት አለ፤ ምስሉ የፒኖቹን ጠርዝ ቢያወፍርም ቢያቀጥንም ማዕከላቸው ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሰሌዳው አንድ ጊዜ በአግድም፣ አንድ ጊዜ በአልጋው አቅጣጫ ተቀምጦ ተቀኘ (ስካን ተደረገ)፤ በሕክምና ማሽን የአልጋው አቅጣጫ ልክ የሚመጣው ከአልጋው ጉዞ ስለሆነ ከአግድሙ ጋር አንድ ነው ብሎ መገመት አይገባም።

የመጀመሪያው ቅኝት ያልሰጠው

የመጀመሪያው ቅኝት አልጠቀመም። ፓምፑ ዘንጉ በአልጋው አቅጣጫ ሆኖ፣ የክዳኑ ፊት ከምስል ንብርብሮቹ ጋር ትይዩ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። በዚህ አቀማመጥ ጠፍጣፋው ፊት በሁለት ንብርብሮች መካከል ይወድቅና ግማሽ አሉሚኒየም ግማሽ አየር ሆኖ ይደበዝዛል። በዚያ ላይ የተሰጠን ቅጂ ለመዝገብ ተብሎ በ5 ሚሊ ሜትር ንብርብር የተዘጋጀው ነበር። ለሐኪም ዓይን በቂ የሆነ ምስል ለልኬት አይበቃም። ጥሬው መረጃ ደግሞ በማሽኑ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ቀጭኑ ንብርብር በዚያው ቀን ካልተሠራ በኋላ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

በሚቀጥለው ቅኝት ፓምፑ በስፖንጅ ላይ ተደግፎ ዘመም ተደረገ፤ አንድም ዋና ፊት ከንብርብሮቹ ጋር ትይዩ እንዳይሆን። ቀጭን ንብርብር፣ አነስተኛ መስክ፣ ጠርዝ የማያጋንን ለስላሳ የምስል ማጣሪያ ተመረጠ። ባለሙያዋ መጀመሪያ ለአጥንት የሚውለውን ስል ማጣሪያ ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ ለዓይን ያማረ ምስል ይሰጣል፣ ነገር ግን በጠርዙ ላይ የሌለ ነጭ ከንፈር ስለሚጨምር የወለሉን ቦታ ያዛባል። ጨረሩ በክዳኑ ርዝመት ልክ በአሉሚኒየም ውስጥ በሚያልፍበት አቅጣጫ መስመሮች መታየታቸው አልቀረም። ለዚህ ፓምፑ ዞሮ በሌላ አቅጣጫ ተቀኘ፤ በአንዱ ቅኝት ታይቶ በሌላው የማይታይ ነገር የማሽኑ እንጂ የፓምፑ አይደለም።

ወለሉ የት ነው?

በመገጣጠሚያ ዕቃ ልኬት ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የሲቲ ምስል ወለል የለውም። ያለው ቁጥር ነው፤ በሃውንስፊልድ መለኪያ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ውኃ ዜሮ ነው። አሉሚኒየም ከ2000 በላይ ይወጣል፣ ናይለን ከውኃ ብዙም አይርቅም። ወለሉ የት እንደሆነ የምንወስነው እኛ ነን፤ የተለመደው በሁለቱ ቁሶች ቁጥር መካከል ያለውን አማካይ መውሰድ ነው። በአሉሚኒየምና በአየር መካከል አማካዩ 600 አካባቢ ይወድቃል። ይህን ቁጥር ድንበር አድርገን፣ ከእርሱ በታች ያለው ሁሉ አየር ተብሎ የፓምፑን ምስል ስንከፍተው ኢምፔለሩ ከምስሉ ጠፋ፤ ናይለን ከ600 በታች ስለሆነ ኮምፒውተሩ አየር አደረገው። ድንበሩን ለናይለንና ለአየር ወደሚስማማው፣ ከዜሮ በታች 450 አካባቢ ስናወርደው ኢምፔለሩ ተመለሰ፣ አሉሚኒየሙ ግን በየአቅጣጫው አበጠ። ጠባቡ ክፍተት ተዋጠና ክዳኑና ኢምፔለሩ ተጣብቀው ታዩ። በእውነት ተነካክተዋል ወይስ ምስሉ ነው ያጣበቃቸው? ከዚህ ምስል ማንም ሊመልስ አይችልም።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ማዕዘን ተቀየረ። ድንበሩ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የአንድ ጠፍጣፋ ፊት ወለል በሙሉ በእኩል መጠን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። በፊቱ ላይ ካሉ ሺሕ ነጥቦች አንድ ጠለል (ፍጹም ጠፍጣፋ ገጽ) ከተሰመረ ደግሞ የየነጥቡ መዋዠቅ እርስ በርሱ ይጣፋል። በዚህ መንገድ 0.3 ሚሊ ሜትር ነጥብ ያለው ምስል ከነጥቡ በጣም ያነሰ ዝንባሌን ይናገራል። ለእያንዳንዱ ቁስ የራሱ ድንበር ተሰጠ፤ ከዚያ የአራት ነገሮች አቅጣጫ ወጣ፦ የዘንጉ ምሶሶ (የመሽከርከሪያው መካከለኛ መስመር)፣ የቤቱ አፍ፣ የክዳኑ ፊትና የኢምፔለሩ ፊት። ስሪ ዲ ስላይሰርና ክላውድ ኮምፔር የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ለዚህ በቂ ነበሩ።

ስለ ሙቀት የጠየቁኝ ነበሩ፤ የልኬት ዓለም አቀፍ መነሻ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነውና። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ በሜትር 23 ማይክሮ ሜትር (0.023 ሚሊ ሜትር) ገደማ ይለጠጣል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ወርክሾፕ ከቅኝት ክፍሉ በ8 ዲግሪ ቢሞቅ እንኳ በ80 ሚሊ ሜትር ላይ የሚመጣው ለውጥ ከመቶኛ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። በዚህ ሥራ ላይ ጭንቀት አያስፈልገውም፤ በኢንዱስትሪው ማሽን ግን ችላ የሚባል አይደለም።

የተገኘው

ዘንጉ ከቤቱ አፍ ጋር ቀጥ ያለ ነበር። የኢምፔለሩም ፊት ከዘንጉ ጋር ይስማማል። ክዳኑ ግን በቤቱ ላይ 0.5 ዲግሪ ያህል ዘሟል፤ ሁለቱ ቅኝቶች በሰጡት ማዕዘን መካከል ያለው ልዩነት 0.1 ዲግሪ አልሞላም። ይህ ዝንባሌ በ80 ሚሊ ሜትር ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ አማካዩ 0.5 ከሆነ ክፍተት ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ሲኖር መፋጨት አይደንቅም። ለማነጻጸሪያ የተቀኘው ደኅና ፓምፕ ይህ ነው የሚባል ዝንባሌ አልታየበትም።

ምክንያቱ በዚያው ምስል ላይ ነበር። የክዳኑ አንገት ጫፍ ነጻ ሆኖ መቆም በሚገባው ቦታ፣ በቤቱ ውስጠኛ እርከን ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ጉብታ አለ። አንገቱ በአንድ ጎን እዚያ ላይ ያርፋል። ከበላዩ ያለው ጋስኬት ሳይጨመቅ ስለሚቀር ውኃ ያንጠባጥባል፤ ተቃራኒው ጎን ከመጠን በላይ ስለሚጨመቅ ክዳኑ ወደ ኢምፔለሩ ይገባል። ብሎን በጠበቀ ቁጥር ይብሳል።

ጉብታው ቅልጡ ወደ ቅርጹ የሚገባበት ቦታ ቅሪት ነው። ወርክሾፑ ለዚህ ዙር የቅልጡን መግቢያ ወደ ሌላ ጎን አዛውሮ ነበር። ቅሪቱ የቶርኖ ቢላ በማይደርስበት ጥግ ስለወደቀ በሞረድ ብቻ ይስተካከላል፤ በደንብ የተሞረዱት ፓምፖች ሠሩ፣ ሌሎቹ ቀሩ። በንድፉ ላይ ለዚያ እርከን የተጻፈ ልክ አልነበረም፤ ያልተጻፈን ልክ ማንም አይለካም።

በሌላ መንገድ ማረጋገጥ

ለብየዳ የሚውል ለስላሳ የቆርቆሮ ሽቦ ተቆራርጦ በክዳኑ ፊት ላይ በተለያየ ቦታ ተለጠፈ፤ ክዳኑ ታስሮ ተፈታ፤ የተጨፈለቀው ሽቦ ውፍረት በማይክሮሜትር ተለካ። በሚያንጠባጥበው ጎን 0.85፣ በሚፋጨው ጎን 0.15 ሚሊ ሜትር ሆነ። ልዩነቱ ከሲቲው ጋር ተስማማ። 0.15 ሚሊ ሜትር ያለው ቦታ ግን በምስሉ ላይ የተጣበቀ ይመስል የነበረው ቦታ ነው። ምስሉን አምኖ «ተነክቷል» ብሎ የሚጽፍ ሪፖርት ስሕተት ይሆን ነበር።

እርማቱና ያልተደረገው

በእጅ ያሉት ቤቶች እርከናቸው ረጅም ቢላ በተገጠመለት ቶርኖ ተላገ፤ የቅልጡ መግቢያ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ፤ ብሎኖቹም በመስቀለኛ ተራ እንዲጠብቁ ተደረገ። መፋጨቱና ማንጠባጠቡ ቆመ። የተሰነጠቁት ክዳኖች ግን ቀልጠው እንደገና ከመፍሰስ በቀር ሌላ ዕድል አልነበራቸውም።

እኔ የጠየቅሁት ሌላ ለውጥ ነበር፦ የክዳኑ አንገት በተላገው እርከን ላይ ብረት ለብረት እንዲያርፍ፣ ጎማው ውኃ መከልከል ብቻ እንዲሆን። ያኔ ክፍተቱን የሚወስነው የቶርኖ ሥራ እንጂ የሠራተኛው ክንድ አይሆንም። ባለቤቱ ለቀማው ስለደረሰ አዘገየው። የጣቢያዎቹን ችኮላ እረዳለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ለሌላ ሥራ የሚጠቅም

ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው በሽቦው ቢጀምር ይሻላል። ሽቦው ርካሽ ነው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፣ ክዳኑ መዝመሙን በራሱ ይናገራል። የማይናገረው ለምን እንደዘመመ ነው፤ ለዚያ ውስጡን ሳይፈቱ ማየት ያስፈልጋል። ሽቦው ልክ በሆነበት ፓምፕ ላይ ሲቲ ስካን መጠየቅ የሕሙማንን ማሽን ያለ በቂ ምክንያት መሻማት ነው።

ወደ ቅኝቱ ሲኬድ ጥያቄው አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ጥያቄ ድንበሩ ከፍና ዝቅ ሲል መልሱ ይለወጥ እንደሆነ ይፈተሽ። የማዕከል ርቀት፣ ዝንባሌ፣ የምሶሶዎች መጣጣም፣ የአንድ ክፍል መኖር ወይም መጉደል አይለወጡም። የግድግዳ ውፍረት፣ የቀዳዳ ዲያሜትር፣ ጠባብ ክፍተት ግን ከድንበሩ ጋር ይንቀሳቀሳሉ፤ በእነዚህ ላይ ቁጥር ከተጻፈ በሌላ መሣሪያ መረጋገጥ አለበት። ቁሱ ከአንድ በላይ ሲሆን ደግሞ አንድ ድንበር ለሁሉም መጠቀም ፈጽሞ አይገባም።

መረጃው ሲወሰድ የስክሪን ፎቶ ሳይሆን ሙሉው የዳይኮም (የሕክምና ምስል መረጃ የሚቀመጥበት) ፋይል፣ በቀጭን ንብርብር፣ በዚያው ዕለት ይወሰድ። የልክ ማረጋገጫው ከዕቃው ጋር በአንድ ቅኝት ውስጥ ይሁን። ደኅናው ዕቃም ከታመመው ጎን ይቀኝ፤ ሁለቱ በአንድ ማሽንና በአንድ አቀማመጥ ሲወዳደሩ የማሽኑ ጉድለት በሁለቱም ላይ እኩል ይወድቃልና ልዩነቱ የዕቃው ይሆናል።

በብረት ወይም በነሐስ ለተሠሩ ወፍራም ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ለመፈልፈያ ማሽን ጥርስና ለኩሽኔታ መበላት፣ ይህ መንገድ አይሠራም። 140 ኪሎ ቮልት አያልፋቸውም፤ የሚፈለገው ልክም ከ0.3 ሚሊ ሜትር ነጥብ እጅግ ያነሰ ነው። ከአንድ ጣቢያ የመፈልፈያ ጥርስ እንዲቀኝ ጥያቄ መጥቶ ነበር፤ በዳያል ኢንዲኬተርና በጥርስ ቅርጽ መለኪያ እንዲታይ ወደ ቶርኖ ባለሙያው መልሼዋለሁ።